ከጎብዬ ወደ ጅቡቲ፦ ባቡር ወይስ የኪራይ መኪና?

የቆቦ ቆላ የሽንኩርት ነጋዴ የጅቡቲን ገበያ በዓይኑ አይቶ ገዢ ለመፈለግ ሲነሣ የሚገጥመው የመጀመሪያ ሒሳብ የሽንኩርት ሳይሆን የመንገድ ነው። በአዲስ አበባ ዞሮ በባቡር ይግባ ወይስ መኪና ተከራይቶ በሚሌ በኩል ይውረድ? አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው የባቡሩን ቲኬት ከመኪናው የቀን ኪራይ ጋር ነው። እንዲህ ከታሰበ ባቡሩ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ሒሳቡ ግን ጎዶሎ ነው።

ጎብዬ የምትገኘው ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ባቡሩም የሚነሣው ከመሐል ከተማ ሳይሆን ዳር ካለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ጅቡቲ በስተምሥራቅ እያለች ነጋዴው በመጀመሪያ ከግማሽ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ሐዲድ የሚጀምረው። የአውቶቡሱ ሒሳብ፣ የአዲስ አበባው አልጋ፣ እስከ ጣቢያው ያለው ታክሲ፣ እንዲሁም ባቡሩ በየዕለቱ ላይነሣ ስለሚችል ተራ የሚጠበቅበት ቀን ሁሉ በቲኬቱ ላይ መደመር አለባቸው።

ነገሩ እንዲህ እንዲሆን አልታሰበም ነበር። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የባቡር መስመር ውል ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው። ዋጋውም 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል በአብዛኛው ቢገነባም የኤሌክትሪክ ኃይል ጉዳይ ሲጎትተው ቆየ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በፕሮጀክቱ ንብረት ላይ ጉዳት አደረሰ። ከሐራ ገበያ በራያ ቆላ አልፎ መቐለ የሚገባው ቀጣይ መስመርም ለመንገደኛ አልደረሰም። እነዚህ ሐዲዶች ሰው ቢጭኑ ኖሮ የጎብዬ ነጋዴ ይህን ሁሉ ባላሰላ ነበር።

መኪናው በበኩሉ አቋራጩን ይይዛል፦ ወልድያ፣ ጭፍራ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። ወጪውን የሚወስነው የተሳፋሪው ቁጥር ነው። ለስሌት ያህል ብቻ የቀን ኪራይ ከነሾፌሩ 6,000 ብር፣ ጉዞው 5 ቀን፣ ነዳጅ 12,000 ብር ቢባል ድምሩ 42,000 ይሆናል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። ለአራት ሲካፈል ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 10,500 ብር ይሆናል፤ በባቡሩ በኩል ያሉትን አልጋዎችና የባከኑ ቀናት የቆጠረ ሰው ልዩነቱ ትንሽ መሆኑን ያያል። መሄጃ ብቻ የተከራየም ቢሆን መኪናው ባዶውን የሚመለስበትን እንደሚከፍል አይርሳ።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በዘለቀው ግጭት መንገድ በድንገት ይዘጋል። መንገድ ሲዘጋ መኪናው ይቆማል፤ ኪራዩ ግን አይቆምም። ከላይ ባለው ስሌት እያንዳንዱ የቆመ ቀን 6,000 ብር ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት መንገድ ቢዘጋ የቀኑ ሒሳብ በማን ላይ እንደሚወድቅ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ብዙ ተከራይ ይህን የሚያነሣው ወልድያ ላይ ሁለት ቀን ካደረ በኋላ ነው። የባቡሩ መንገደኛም ቢሆን ከጎብዬ ለመውጣት ያው መንገድ ያስፈልገዋል፤ ሲቆም የሚቆጠርበት ግን የአንድ ሰው አልጋና ምግብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ድንበሩ ነው። አከራዮች ብዙውን ጊዜ መኪናቸው ከአገር እንዲወጣ አይፈቅዱም። የፈቀደ ከተገኘም ሊብሬው፣ ከባለንብረቱ የተሰጠ ውክልና፣ የጉምሩክ ፈቃድና የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ኢንሹራንስ መሟላታቸው መታየት ያለበት ጋላፊ ላይ ሳይሆን ከመነሣት በፊት ነው። ፈቃድ ያላገኘ ቡድን ጋላፊ ድረስ መኪና ተከራይቶ ከዚያ ወዲያ በዕድል ለመሄድ ማሰቡ አያዋጣውም፤ በባቡሩ ቢሄድ ይሻለዋል። ባቡሩ በኢትዮጵያ በኩል በድሬዳዋና በደወሌ አልፎ ነጋድ ጣቢያ ያወርደዋል።

ጅቡቲ ከገቡ በኋላ መኪና መከራየት ሌላ ወጪ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ 177.721 በአንድ ዶላር ሒሳብ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እያንዳንዱ የፍራንክ ወጪ በብር ሲመነዘር ከብዷል። ገበያውን ለማየት ታክሲ ይበቃል፤ ዋጋውን ግን ከመሳፈር በፊት መነጋገር ነው። ዓርብ በዚያ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሐሙስ ማታ የሚደርስ ነጋዴ በማግሥቱ ገዢ ሳያገኝ የአልጋ ይከፍላል። በባቡርም ሆነ በመኪና የሚሄድ ሰው መነሻ ቀኑን ሲመርጥ ይህችን ቀን አስቀድሞ ይቁጠራት።