የጡረታ ስም ያለው ስንብት

አዲስ አበባ፣ ጎፋ ውስጥ ሥራና ሰፈር ስማቸው ተጣብቋል። የታክሲ ረዳት «ጎፋ መብራት ኃይል!» እያለ ሲጣራ የሚጠራው የመሥሪያ ቤት ስም ነው፤ በክፍለ ከተማው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ስም ውስጥም ስልክ አለ። እንዲህ ባለ ሰፈር ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ሠራተኛ ሁለት ነገር አብሮ ሊሰማ ይችላል። አንደኛው ከአሠሪው የሚመጣ ደብዳቤ ነው፦ «ቅድመ ጡረታ ለሚወጡ ይህን ያህል ብር»። ሁለተኛው በሻይ ሰዓት የሚሾከሾክ ወሬ ነው፦ «ያልፈረመ ይቀነሳል»። ሠራተኛው ሁለቱን በሚዛን ላይ አስቀምጦ የትኛው ብር እንደሚበልጥ ያሰላል። ስሌቱ ግን ከመጀመሪያው ይጣመማል፤ የሚያጣምመውም «ጡረታ» የሚለው ቃል ነው።

ጡረታን የሚሰጠው አሠሪው አይደለም፣ ሕጉ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሁን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ሲሆን መውጫው ዕድሜ 60 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ55 ዓመት አበል ማግኘት የሚቻለው ቢያንስ 25 ዓመት ላገለገለ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የግል ድርጅቶች የጡረታ ሥርዓት የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። መዋጮ መክፈል የጀመረው ያኔ የሆነና የቀድሞ ዘመኑ ያልተያዘለት ሠራተኛ 25 ዓመት የሚሞላው በ2028 ነው። ስለዚህ የ55 ዓመቱ በር ዛሬ በተግባር የተከፈተው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በልማት ድርጅት ረጅም አገልግሎት ላለው ሰው ነው። ለሌላው የአሠሪው «ቅድመ ጡረታ» አበል የሌለው ጡረታ፣ በግልጽ ቋንቋ በገንዘብ የታጀበ መልቀቂያ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ብዙዎቻችን «ሰርቪስ» የምንለው፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስንብቱ በሠራተኛ ቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ዕድሜው 57፣ አገልግሎቱ 22 ዓመት፣ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው እንውሰድ። ሰርቪሱ የ8 ወር ነው፤ 96,000 ብር። ከተቀነሰ 24,000 ይታከልና 120,000 ይሆናል፤ ሁሉም ግብር ሳይቆረጥ። አሠሪው «ዛሬ ፈርም፣ 150,000 ውሰድ» ቢለው የ30,000 ብር ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን ለቅነሳ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ግድ ነው። አልፈርምም ባለ ማግሥት የቅነሳ ደብዳቤ ቢደርሰው እንኳ በማስጠንቀቂያው ጊዜ ሠርቶ 24,000 ይቀበላል፣ ድምሩም 144,000 ይሆናል። ትርፉ ወደ 6,000 ብር ወረደ ማለት ነው። የቅነሳ ደብዳቤው አንድ ወር ቢዘገይ ደግሞ ያልፈረመው ሰው ይበልጣል። እስከ 60 ከቆየማ የሦስት ዓመት ደመወዙ 432,000 ብር ነው። በዚያ ላይ ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና የሥልጠና ውል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም ሰርቪስ እንደሚገባው አዋጁ ይደነግጋል። ከ150,000ው ውስጥ 96,000ው ድሮም የእርሱ ነበር፤ አሠሪው ከኪሱ የጨመረው 54,000 ነው።

በጡረታው በኩልም ኪሳራ አለ፤ ለዓይን ግን ቶሎ አይታይም። አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ለ10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። ሦስት ዓመት ማጣት 3.75 ነጥብ ብቻ ነው፤ ይኼ ያን ያህል አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው አማካዩ ነው። በ57 ዓመቱ የለቀቀ ሰው በ60 ዓመቱ የሚሰላለት በለቀቀበት ጊዜ ደመወዝ ነው፤ በመሐል የተደረገ ጭማሪ አያገኘውም። ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሦስት ዓመት የቆየ ደመወዝ ምን ያህል እንደሚገዛ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

«ቅነሳው በእኔ ላይ ቢመጣስ?» የሚለው ፍርሃት መልስ ይሻል። አዋጁ አሠሪው ደስ ያላለውን መርጦ እንዲቀንስ አይፈቅድም፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት፣ ቅድሚያ የሚቆየውም በችሎታና በምርታማነት የላቀው ነው። እኩል ከሆኑ ቅነሳው ቀድሞ የሚያርፈው አጭር አገልግሎት ባለው ላይ ነው። ነባሩ ሠራተኛ በዕድሜው የተነሳ መጀመሪያ የሚወድቅ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን አገልግሎቱን ጋሻ አድርጎለታል። እርግጥ «ምርታማነት» የሚለካው በአሠሪው ሚዛን ነው፤ የአፈጻጸም ውጤቱ ዝቅ ብሎ የተመዘገበበት ሰው በዚህ ጋሻ ብዙ አይመካ።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ድርጅቱ ራሱ እየከሰረ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ሕጉ ለሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ነገር ግን ዕዳ በተቆለለበት ድርጅት ቅድሚያ ያለው ወረፋም ወረፋ ነው። ደመወዝ እየዘገየ፣ ጥሬ ዕቃ እየጠፋ፣ ማሽን እየቆመ ከሆነ ዛሬ በእጅ የገባ 150,000 ነገ በፍርድ ቤት ከሚጠየቅ 120,000 በብዙ ይሻላል። ሌላ ሥራ የተዘጋጀለት ሰውም እንዲሁ፤ ገንዘቡንም አዲሱን ደመወዝም አብሮ ይበላል። 55 ዓመትና 25 ዓመት አገልግሎት የሞላው ደግሞ ከ12,000 ብር አማካይ ደመወዝ በወር 5,850 ብር አበል ወዲያው ስለሚጀምርለት ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ለቀረው ሰው ከብሩ በፊት የሚነበበው በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያት ነው። «በራሴ ፈቃድ» ብሎ የፈረመ የ60 ቀኑንና የቅነሳ ማስጠንቀቂያውን ጥያቄ በገዛ እጁ ዘግቷል። ድርጅቱ በእርግጥ ሠራተኛ መቀነስ ከፈለገ «በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት» ብሎ እንዲጽፍ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የኅብረት ስምምነቱ ከአዋጁ የተሻለ ክፍያ ይዞ እንደሆነም ማኅበሩን መጠየቅ ያዋጣል። ክፍያው ውል ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ካልተፈጸመ ክሱ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።