የሞሮ ሙስሊሞች ሰይፍ እጀታው ከምን ተሠራ?



በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናኦና በሱሉ ደሴቶች የሚኖሩት ሙስሊም ወንድሞቻችን «ሞሮ» ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ስፔኖች ናቸው። ክሪስ፣ ባሮንግና ካምፒላን የተባሉት ሰይፎቻቸው በመጀመሪያ ከስፔን፣ ከ1902 እስከ 1913 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከአሜሪካ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ተመዘዋል። ብዙዎቹም በአሜሪካ ወታደሮች እጅ ከአገር ወጥተው ዛሬ በሙዚየምና በነጋዴ ዘንድ ይገኛሉ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እጀታው ነው። ተራው ሰው የእንጨት እጀታ ሲይዝ፣ ዳቱ የሚባሉት ባላባቶች በዝሆን ጥርስና በብር ያስጌጡ ነበር። የሰይፉን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው አንዱ ይኸው በመሆኑ ማታለልም በዚሁ በር ይገባል። ታዲያ እንዴት እንለየው?

እንጨት፦ ካማጎንግ የተባለው ጥቁር እንጨት ከዞጲ ጋር ይዛመዳል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት።

ቀንድ፦ የውሃ ጎሽ ቀንድም ጥቁር ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ቀዳዳዎች የሉትም። እንደ ቀንድ ዋንጫ ሁሉ ስስ በሆነው ጠርዙ በኩል ብርሃን ያሳልፋል። ሲያረጅ በንብርብር ይላጣል፤ ነፍሳትም ይበሉታል።

የዝሆን ጥርስ፦ በአግድም በተቆረጠው ገጹ ላይ እርስ በርስ የሚሻገሩ ቀጫጭን ጠማማ መስመሮች ይታያሉ። አጥንት እነዚህ መስመሮች የሉትም፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦችና ጭረቶች ይታዩበታል። ፕላስቲክ ከሆነ መስመሩ ከመጠን በላይ የተስተካከለ ነው፤ ወይም ጨርሶ የለም፤ አንዳንዴም የቅርጽ ማውጫው ስፌት ይታያል።

ብረታ ብረት፦ ብር ሲቆይ ይጠቁራል፤ ናስና መዳብ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። «የጀርመን ብር» የሚባለው ግን መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የለበትም። ማግኔት ስላልሳበው ብቻ ብር ነው ማለት አይቻልም።

ውድ አድማጮች! አንዳንዶች የጋለ መርፌ ወግተው በሽታው ይለያሉ። ይህ የማይሽር ጠባሳ ይተዋል፤ ሴሉሎይድ የተባለው የቆየ ፕላስቲክ ከሆነም በእሳት ይያያዛል። አጉሊ መነጽርና ጥሩ ብርሃን ይበቃል። የዝሆን ጥርስ ያለበትን ዕቃ ከአገር አገር ማሻገር ደግሞ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔ ወዲህ ጥብቅ ገደብ ስላለበት፣ ከመግዛት በፊት የፈቃድ ወረቀት መጠየቅ ይገባል።

አሮጌ ሰይፍ አዲስ እጀታ ቢገባለት ነውር የለውም፤ ጥንትም እጀታ ሲሰበር ይለወጥ ነበር። ነውሩ አጥንቱን «የዝሆን ጥርስ ነው» ብሎ መሸጡ ነው። የዕቃን ዐይብ ደብቆ መሸጥ በሃይማኖታችን ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ላይ የሐሰት እጀታ የሚያታልለው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ ሰይፉን በያዘው ሰው ላይም የሐሰት ታሪክ ይጽፍበታል። ያ ሰው ዛሬ ተነስቶ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ የሙታንን አማና እንጠብቅላቸው። አላህ ከእውነተኞች ያድርገን፤ ወሏሁ አዕለም።