በማሳ መካከል የቆመችው የወንድም ክላውስ ቤተ ጸሎት፤ ታሪኳና አሠራሯ

በጀርመን አገር፣ ከኮሎኝ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ አይፈል በሚባለው ኮረብታማ ምድር አጠገብ ቫኸንዶርፍ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከመንደሪቱ ወጣ ብሎ በእርሻ መካከል አንዲት ረዥም ሕንፃ ብቻዋን ቆማ ትታያለች። ከሩቅ ለሚመለከታት የጥበቃ ማማ ትመስላለች እንጂ የጸሎት ቤት አትመስልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕንፃይቱ መልክ ከአሠራሯ፣ አሠራሯም ከተሠራችበት ምክንያት የመጣ መሆኑን መግለጽ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ አገር በሚገኙት የካቶሊክ ገጠሮች፣ ስለቱ የሠመረለት ወይም ፈጣሪውን ለማመስገን የፈለገ ገበሬ በመንገድ ዳር ወይም በማሳው ላይ ትንሽ ቤተ ጸሎት ማሠራቱ የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ያለችው ቤት ደብር አይደለችም፤ መንገደኛው ጎራ ብሎ ጸሎቱን አድርሶ የሚያልፍባት ናት። በቫኸንዶርፍም አንድ ገበሬና ባለቤቱ ስለ ኖሩት መልካም ዕድሜ ምስጋና ለማቅረብ አስበው፣ በ1998 ለስዊሱ አርክቴክት ለፔተር ዙምቶር ደብዳቤ ጻፉ። ቤተ ጸሎቲቱ እንድትታነጽ የፈለጉት ወንድም ክላውስ ተብሎ በሚጠራው በቅዱስ ኒክላውስ ፎን ፍሉኤ ስም ነበር።

ይህ ቅዱስ ከ1417 እስከ 1487 በስዊስ አገር የኖረ ገበሬ ነው። ዐሥር ልጆች ካፈራ በኋላ፣ በ1467፣ በባለቤቱ በዶሮቴያ ፈቃድ ቤቱን ትቶ መነነ፤ ከመንደሩም ብዙ ሳይርቅ ራንፍት በተባለው ሸለቆ በአት አበጅቶ ተቀመጠ። በ1481 የስዊስ ወረዳዎች ተጣልተው ሊለያዩ በደረሱ ጊዜ ምክሩ አስታረቃቸው። ቅድስናው በሮም የታወጀው በ1947 ነው። የጀርመን የካቶሊክ ገጠር ሕዝብ ማኅበርም ጠባቂዬ ነው ብሎ ያከብረዋል። የዙምቶር እናትም ይህን ቅዱስ ትወድ ስለ ነበር፣ አርክቴክቱ ሥራውን በደስታ ተቀበለ።

ወደ አሠራሩ ስንመለስ፣ በመጀመሪያ ከአቅራቢያው ደን የተቆረጡ 112 የዛፍ ግንዶች ጫፍ ለጫፍ ተጠጋግተው እንደ ድንኳን ቆሙ። ቀጥሎም በዚህ የእንጨት ድንኳን ዙሪያ ከአካባቢው ጠጠርና አሸዋ ከነጭ ስሚንቶ ጋር እየተቀየጠ፣ በየንብርብሩም እየተጠቀጠቀ ግድግዳው ተገነባ። የአንድ ቀን ሥራ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው። በ24 የሥራ ቀንም 12 ሜትር ሞላ። ሥራውን የሠሩት ገበሬዎቹ ራሳቸው፣ ወዳጆቻቸውና የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ነገሩ እኛ ደቦ ከምንለው እምብዛም አይርቅም። ዛሬ ግድግዳውን በውጭ በኩል የሚመለከት ሰው የየቀኑን ድካም በአግድም መስመሮቹ ላይ ለመቁጠር ይችላል።

ግድግዳው ከጸና በኋላ፣ በ2006 መጸው፣ በውስጥ ያለው እንጨት ለሦስት ሳምንት ያህል እንደ ከሰል ክምር በዝግታ እንዲጤስ ተደረገ። ግንዶቹም ደርቀውና ኮስምነው ከግድግዳው ስለ ተላቀቁ በቀላሉ ወጡ። ስለዚህ የውስጡ ግድግዳ በጢስ የጠቆረ ሲሆን፣ የየግንዱ አሻራ እንደ ቦይ ተቀርጾበት ይገኛል። ውጩ ቀጥ ያለ ባለ አምስት ማዕዘን ሆኖ ሳለ፣ ውስጡ እንደ ዋሻ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው።

መግቢያው ባለ ሦስት ማዕዘን የብረት በር ነው። ወለሉ እዚያው ቀልጦ በእጅ የፈሰሰ እርሳስና ቆርቆሮ ነው። ጣራው ክፍት ስለሆነ ፀሐዩም ዝናቡም ይገባል። ግድግዳው ሲሠራ የተተዉት 350 ያህል ቀዳዳዎች በአፍ እየተነፋ በተሠራ መስተዋት ስለ ተደፈኑ፣ በጨለማው ውስጥ እንደ ከዋክብት ያበራሉ። ከዚህ ሌላ የሚገኘው አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የቅዱሱ የነሐስ ምስልና ምልክቱ የሆነው መንኰራኵር ነው። ቤተ ጸሎቲቱ በግንቦት 2007 ተባረከች።

መስኮትና ጌጥ የሌለው ቤት ለጸሎት አይመችም የሚል ቢኖር፣ ቅዱሱ ራሱ ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከበአት እንደ ጸለየ ማስታወስ ይገባዋል። እንጨቱ ባይቃጠል ኖሮ ውስጡ ባልተገኘ ነበር፤ ሰውዬውም ቤቱን ባይተው ኖሮ ወንድም ክላውስ ባልተባለ ነበር። የገበሬዎቹም ምስጋና በግድግዳው ላይ በጽሑፍ የሰፈረ ሳይሆን፣ በየቀኑ 50 ሳንቲ ሜትር እየጨመረ ያደገ ሥራ ነው።