ሒሳብን በጽሑፍ ማስረዳት ለተማሪውም ለማሳውም ይበጃል

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል የሚዘልቀው ደጋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚመረትበት አካባቢ ነው። የዚህ አካባቢ ገበሬ መሬት ይለካል፣ ማዳበሪያ በኪሎ ይረከባል፣ ብድር ይመልሳል። ፊደል ያልቆጠረ አባወራ ባለበት ቤት ይህን ሒሳብ የሚሠራው ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነው። በመሆኑም ልጁ የሒሳቡን መልስ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ጠንቅቆ ማወቁ የመላው ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ከሚረዱት የማስተማሪያ ዘዴዎች አንዱ ተማሪው ሒሳቡን ከሠራ በኋላ እንዴትና ለምን እንደዚያ እንደሠራ በራሱ ቃል በደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

ዙሪያና ስፋት

አንድ ማሳ ርዝመቱ 80 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር ነው እንበል። ሌላው በአራቱም ጎን 50 ሜትር ነው። ዙሪያቸውን በገመድ ለለካ ሰው ሁለቱም እኩል 200 ሜትር ይሆናሉ። ስፋታቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያው 1,600 ካሬ ሜትር ሲሆን ሁለተኛው 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ለሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ ቢታሰብ ለአንዱ 16 ኪሎ፣ ለሌላው 25 ኪሎ ያስፈልጋል። በዙሪያው ብቻ ገምቶ መሬት የሚለዋወጥ ወይም የሚከራይ ገበሬ 900 ካሬ ሜትር ሊጎድልበት ይችላል።

80ን በ20 ማባዛት በቃሉ የያዘ ተማሪ ትክክለኛውን መልስ ሊያገኝ ይችላል። «ለምን አባዛህ? ለምን አልደመርህም?» ተብሎ እንዲጽፍ ሲጠየቅ ግን እውቀቱ ይለያል። የገባው ተማሪ «ማሳው 1 ሜትር ወርድ ያላቸው 20 ረድፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ረድፍ 80 ካሬ ሜትር ነው» ብሎ ይጽፋል። ያልገባው «መምህሩ አባዙ ስላሉን» ይላል። መምህሩም የት ላይ ተመልሶ ማስረዳት እንዳለበት ከዚህ ያውቃል።

በሥራ ላይ ሲውል

ጆርጅ ፖልያ የተባሉት የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተሙት መጽሐፍ የሒሳብ ጥያቄን በአራት ደረጃ መሥራት እንደሚገባ አስረድተዋል። እነዚህም ጥያቄውን መረዳት፣ መንገድ መቀየስ፣ መሥራትና መልሱን መለስ ብሎ ማጣራት ናቸው። ተማሪው ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ በቂ ነው። ተማሪ በበዛበት ክፍል መምህሩ በየቀኑ አሥር ደብተር ብቻ እየመረጠ ቢያይ በጥቂት ቀናት ሁሉንም ያዳርሳል።

ሌላው ዘዴ ተማሪው ራሱ ጥያቄ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። «24 ለ6 ሲካፈል» የሚለውን ስለ እህል፣ ስለ በግ ወይም ስለ ችግኝ የሚናገር ጥያቄ አድርጎ የጻፈ ልጅ ማካፈል ምን እንደሆነ ተረድቷል ማለት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ሐሳቡን አስቀድሞ በአማርኛ አጥርቶ መጻፍ የለመደ ተማሪ የሚቸገረው በቋንቋው እንጂ በሒሳቡ አይሆንም።

ሒሳብን ከነምክንያቱ ማስረዳት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ባሕረ ሐሳብ የሚማር ተማሪ የዓመቱን ወንበር በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴን፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዕን ያገኛል። ወንበሩ 4 ቢሆን አበቅቴው 14፣ መጥቅዑ 16 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ዘወትር 30 የሚሆኑት 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ መሆኑን ማስረዳት የቻለ ስሌቱን በቃሉ ከመሸምደድ አልፏል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ማንበብን፣ መጻፍንና ሒሳብን አንድ ላይ ያስተማረ ነበር።

የመሪዎች ድርሻ

በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ይህ ዘዴ ከደብተርና ከእርሳስ በቀር ሌላ መሣሪያ ስለማይፈልግ ልጆች የተማሩትን እንዳይረሱ በቤትም ሊሠራበት ይችላል።

የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎችም ብዙ ሊረዱ ይችላሉ። የማሳ ልኬትን፣ የማዳበሪያ ክፍፍልንና የእህል ዋጋን ለመምህራን የሒሳብ መልመጃ አድርገው ማቅረብ አንዱ ነው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም ልጃቸው የጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ማድረግና «ለምን?» ብለው መጠየቅ እንደሚችሉ በስብሰባ ላይ ማስረዳት ሌላው ነው። አባት ያልገባውን ልጁ ደግሞ እንዲያስረዳው ይጠይቀው። ልጁ ለአባቱ ግልጽ አድርጎ ማስረዳት ከቻለ ሒሳቡን በሚገባ አውቆታል፤ አባትየውም በሚዛኑ ፊት ሲቆም የሚገባውን ያውቃል።