ባልና ሚስት የሚመቱት ሪቬት

በአሜሪካ አገር አይሮፕላን በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው ብንል ከአንባብያን አንዳንዶቹ ቀልድ ይመስላቸው ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ፖል ፖበሬዝኒ የተባለው አብራሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በሚልዎኪ ከተማ የእነዚህን ሰዎች ማኅበር ሲያቋቁም ባለቤቱ ኦድሪ አብራው ደክማለች። የአገሩ ሕግም የሥራውን አብዛኛውን ክፍል ሰውየው ራሱ ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ሲል የሠራው እንደ ሆነ ይፈቅዳል።

ከላሜራ የሚሠራ አንድ ትንሽ አይሮፕላን ከ10 ሺህ በላይ ሪቬት ይፈጃል። ላሜራው በብየዳ የማይያያዘው፥ ይህ ዓይነቱ አሉሚኒየም በእሳት ሲግል ጥንካሬውን ስለሚያጣ ነው።

አስቀድሞ ላሜራዎቹ ክሊኮ በሚባል ባለሞላ መያዣ ለጊዜው ተጣብቀው ይበሳሉ። ቀጥሎም ተፈታትተው ከየቀዳዳው አፍ የቀረው ሹል ብረት ይጠረጋል፤ እንደገናም ይገጠማሉ። ጀማሪ ይህን ይሰለቸዋል። ነገር ግን የቀዳዳ ዳር የሚናቅ አይደለም፤ በ2023 ዓ.ም. በኦሬጎን የሚገኘው ቫንስ የተባለው ፋብሪካ በሌዘር ካስበሳቸው ክፍሎች አንዳንዶቹ፥ ሠሪዎች የሪቬቱን ራስ ለማስተኛት ቀዳዳውን ሲያጎደጉዱት ዳሩ ይሰነጠቅ ስለ ነበር ብዙ ችግር ደርሷል።

መምታቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ በአየር የሚሠራውን መዶሻ በሪቬቱ ራስ ላይ ይደግፋል፤ ሁለተኛው ከውስጥ እንደ መስፍ የሚያገለግል ለስላሳ የብረት ቁራጭ በጅራቱ ላይ ያስጠጋል። 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሪቬት በደንብ ሲመታ ጅራቱ 4.8 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፤ ቁመቱም 1.6 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል።

ብዙ ጊዜ ባል መዶሻውን ሲይዝ ሚስት መስፉን ይዛ፥ ጆሮዋን ከጩኸቱ ሸፍና፥ በአይሮፕላኑ ጅራት ጠባብ ሆድ ውስጥ ትጋደማለች። አይተያዩም። እርስዋ «ዝግጁ» ሳትል እርሱ ምላጩን መሳብ የለበትም፤ መስፉ ሳይደርስ ከሳበ ላሜራው ይሰረጉዳል። መዶሻው ከተንሸራተተም እንደ አዲስ ጨረቃ ያለ ጠባሳ ይቀራል።

ጭንቁ ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የተጣመመ ሪቬት ራሱ ተሰርስሮ ይወጣል፤ እጅ ከሳተ ግን ቀዳዳው ይሰፋል፥ አዲሱም ሪቬት ከፊተኛው የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ጥቂት የተዛነፈውን መተው ይሻላል ይላሉ። ታዲያ ጥቂትና ብዙ ምን ያህል ነው? በመለኪያ ይታወቃል፤ ሆኖም ጅራቱን የምታየው እርስዋ ብቻ ናት። እርሱ ከውጭ የሚያየው ራስ፥ ጅራቱ ቢጣመም እንኳ ያማረ ነው። በመሸ ጊዜ፥ እጅ በዛለ ጊዜ፥ ባሏም «እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «ተበላሽቷል» ማለት ለእኛ ከመሣሪያው ሁሉ ከባድ ሆኖ ይታየናል።

ሥራው ሲያልቅ ይህ አይሮፕላን በአማተር የተሠራ ስለ ሆነ የመደበኛ አይሮፕላኖችን የደኅንነት ደንብ አያሟላም የሚል ማስጠንቀቂያ ለተሳፋሪው በሚታይበት ስፍራ ይለጠፋል። የሙከራው በረራ ካለቀ በኋላ በዚያ ወንበር ተቀምጣ የምታነበው ብዙ ጊዜ ያችው መስፉን የያዘችው ሴት ናት።