የግል ገንዘብ አያያዝን በኢንተርኔት ተምሮ የኮሌጅ ክሬዲት ስለ ማግኘት



በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ሲያወያዩን ደጋግመው የሚያነሡልን አንድ ጥያቄ አለ። ልጃቸው ሥራ እየሠራ፣ ከቤት ሳይወጣ፣ «ፐርሰናል ፋይናንስ» የሚባለውን የግል ገንዘብ አያያዝ ትምህርት በኢንተርኔት ወስዶ ለዲግሪው ሊያስቆጥረው ይችላልን? መልሳችን «አዎን፣ ይችላል፤ ነገር ግን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ» የሚል ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል ከዚህ በታች እናብራራለን።

ክሬዲት ምንድን ነው?

በአሜሪካ የትምህርት ሥርዓት ክሬዲት የትምህርት መለኪያ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት፣ የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ደግሞ 60 ክሬዲት ይጠይቃል። የግል ገንዘብ አያያዝ ኮርስ በብዙ ኮሌጆች 3 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንታት ያህል በየሳምንቱ የ1 ሰዓት ትምህርትና የ2 ሰዓት የግል ጥናት ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በጠቅላላው ወደ 135 ሰዓት የሚጠጋ ድካም አለበት። ኢንተርኔት የመማሪያውን ቦታ ይለውጣል እንጂ የትምህርቱን ክብደት አይቀንስም።

ሁለቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ተማሪው በተመዘገበበት ኮሌጅ፣ ወይም በአቅራቢያው በሚገኝ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ኮርስ መውሰድ ነው። በዚህ መንገድ መምህር አለ፤ የቤት ሥራና ፈተና አለ፤ ውጤቱም በትራንስክሪፕት ላይ ይሰፍራል።

ሁለተኛው መንገድ ከኮሌጅ ውጭ ያሉ ድርጅቶች በርካሽ የሚያቀርቡትን ኮርስ መውሰድ፣ ወይም ኮርሱን ሳይወስዱ እንደ ዲ.ኤስ.ኤስ.ቲ. ባሉ ፈተናዎች ዕውቀትን ማስመስከር ነው። የእነዚህን ኮርሶችና ፈተናዎች ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1918 የተመሠረተው የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ይመረምርና «ይህን ያህል ክሬዲት ይገባዋል» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ምክር ቤቱ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ክሬዲት አይሰጥም። የሚቀበለውም የማይቀበለውም ተማሪው የሚመረቅበት ኮሌጅ ነው።

ይህን ባለማወቅ የተጎዱ አሉ። የምናውቃት አንዲት ተማሪ ቀን ሥራ እየዋለች፣ ሌሊት እያነበበች በአንድ የበጋ ወቅት ኮርሱን ጨረሰች። ኮሌጇም ክሬዲቱን ተቀበለ። ይሁን እንጂ ክሬዲቱ የተመዘገበላት በምርጫ ኮርሶች ረድፍ ነበር፤ በዚያ ረድፍ የሚያስፈልጋት ደግሞ ቀድሞ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ ገንዘቧና ድካሟ የምረቃ ቀኗን በአንድ ቀን እንኳ አላቀረበላትም። ክሬዲት ተቀባይነት ማግኘቱና ለዲግሪው ማገልገሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማረችው ከከፈለች በኋላ ነው።

ከመክፈል በፊት

እንግዲህ ተማሪው ለኮሌጁ ሬጅስትራር ወይም ለትምህርት አማካሪው የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርቦ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል አለበት።

1. ይህን ኮርስ ከዚህ ድርጅት ብወስድ ኮሌጁ ክሬዲቱን ይቀበላልን?
2. ክሬዲቱ ከዲግሪዬ መስፈርቶች የትኛውን ይሞላልኛል?
3. ከውጭ የማመጣው ክሬዲት ገደብ ስንት ነው? ኮሌጆች ከመመረቂያው ክሬዲት የተወሰነው በራሳቸው ዘንድ እንዲወሰድ ያዛሉና።
4. ውጤቱ በአማካይ ነጥቤ ውስጥ ይገባል ወይስ «አልፏል» ተብሎ ብቻ ይመዘገባል?

ኮርሱን የሚሰጠው ኮሌጅ ከሆነም፣ የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በሚያውቀው አካል እውቅና የተሰጠው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የክፍያውም ነገር መታሰብ አለበት። ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ የሚገኘው ፋፍሳ የተባለውን ማመልከቻ ሞልቶ በኮሌጅ ለተመዘገበ ብቁ ተማሪ ነው፤ ከኮሌጅ ውጭ በራስ ለሚገዛ ኮርስ አይከፍልም። ስለዚህ ርካሽ የሚመስለው መንገድ እርዳታ ለሚያገኝ ተማሪ ውድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ኮሌጆች ደግሞ የትምህርት ክፍያን ያለ ወለድ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈልን ይፈቅዳሉ። የአገልግሎትና የመዘግየት ክፍያ ሊኖር ስለሚችል ግን ውሉን ማንበብ ይገባል።

ትምህርቱ ምን ይጠቅማል?

አንዳንድ ወላጆች «ስለ ወለድ የሚያስተምር ኮርስ ለልጄ ምን ይሠራለታል?» ይሉናል። ጥያቄው አላህን ከመፍራት የመነጨ ነውና እናከብረዋለን። ሆኖም የወለድን አሠራር ማወቅና በወለድ መገበያየት አንድ አይደሉም። ከሪባ የሚሸሽ ሰው ሪባ በየትኛው ውል ውስጥ እንደ ተሸሸገ መለየት ይኖርበታል።

ለምሳሌ አንድ ወጣት በዓመት 24 ከመቶ ወለድ በሚያስከፍል ክሬዲት ካርድ የ1000 ዶላር ዕቃ ገዛ እንበል። በየወሩ 25 ዶላር ቢከፍል፣ በመጀመሪያው ወር 20 ዶላሩ ለወለድ ይሄድና ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 5 ዶላር ብቻ ይሆናል። በዚህ አካሄድ ዕዳው እስኪያልቅ 82 ወራት ያህል ይፈጃል፤ ጠቅላላ ክፍያውም ከ2000 ዶላር ይበልጣል። ይህን ስሌት በገዛ እጁ የሠራ ልጅ በፖስታ የሚመጣለትን የካርድ ግብዣ እንደ ስጦታ አይቆጥረውም።

ኮርሱ ሌላም ያስተምራል። በጀት ማውጣትን፣ የታክስ ቅጽ መሙላትን፣ እንዲሁም ከ300 እስከ 850 የሚደርሰውን የክሬዲት ነጥብ ያስረዳል። በሰፊው በሚሠራበት የፋይኮ ስሌት ከነጥቡ 35 ከመቶ የሚሆነው ክፍያን በወቅቱ በመፈጸም፣ 30 ከመቶው ደግሞ ባለው የዕዳ መጠን ይወሰናል። ቤት አከራይ ሳይቀር ይህን መዝገብ ስለሚመለከት፣ ብድር የማይፈልግ ቤተሰብም ጉዳዩን ቸል ሊለው አይገባም። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የያዙትን መዝገብ በየሳምንቱ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል።

ኮርሱ ሀላሉን ከሐራሙ እንደማይለይ ግን አንዘንጋ። ስለ አክሲዮን፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ጡረታ ቁጠባ የተማረውን ይዞ ብይኑን ከዑለማእ መጠየቅ የተማሪው ግዴታ ነው።

የወላጆች ድርሻ

በኮርሱ ከሚታዘዙት የቤት ሥራዎች አንዱ ብዙውን ጊዜ የአንድ ወር ገቢና ወጪን መዝግቦ በጀት ማዘጋጀት ነው። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ሥራ ከልጆቻችሁ ጋር በእውነተኛው የቤታችሁ ሂሳብ ሥሩት። የቤት ኪራዩ፣ የመኪናው ወጪ፣ ለአገር ቤት የሚላከው፣ ሰደቃውም ሳይቀር በየረድፉ ይጻፍ። ልጁ የእናቱንና የአባቱን ድካም በቁጥር ሲያየው የሚያድርበት አስተዋይነት ከመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ አሳዳጊዎች የቲሞችን እንዲፈትኗቸውና ቅን አስተዋይነት ሲያዩባቸው ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው ታዝዘዋል። ከዚህም ገንዘብን ለመረከብ ዕድሜ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ልጅም አስቀድሞ መሠልጠንና መፈተን እንዳለበት እንረዳለን። እናት አባት ላለውም፣ ለሌለውም ልጅ ነገሩ አንድ ነው። የኮሌጁ 3 ክሬዲት መልካም ነው፤ ከእርሱ የሚበልጠው ግን ልጁ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ዕለት የሚያደርገውን ማወቁ ነው።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀትና ሀላል ሲሳይ ይወፍቃቸው። አሚን።