መኪና ሻጩ «ኢንሹራንሱን እዚሁ ጨርስ» ሲላችሁ

ከአምቦ አዲስ አበባ መጥቶ አዲስ መኪና የሚገዛ ወንድማችን ቁልፉን ሳይረከብ የኢንሹራንስ ወረቀት ሊቀርብለት ይችላል። መፈረሙ ግዴታ ይመስለዋል። ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005፣ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገንን መድን ነው፤ መኪናው በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት። የራስን መኪና የሚሸፍነው ሙሉ መድን በፈቃድ ነው። ባንክ ገዝቶ በሙራበሓ ከሸጠላችሁ ግን ውሉ ሊያስገድዳችሁ ይችላል፤ ያኔም ኩባንያውን ራሳችሁ መምረጥ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ።

የመኪናውን ዋጋ ከአረቦኑ ለይታችሁ ተደራደሩ። ሌሎች ሁለት ኩባንያዎችንም በተመሳሳይ ሽፋን ጠይቁ። አረቦን ለመቀነስ ብላችሁ ዋጋውን ዝቅ አታስመዝግቡ፦ 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ2 ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ ለ300 ሺህ ብር ጉዳት 200 ሺህ ብቻ ሊከፈላችሁ ይችላል። (ተማሪዎቼ ክፍልፋይ ምን ይሠራል ይሉኝ ነበር!)

ብዙ ዑለሞች በተለመደው የንግድ ኢንሹራንስ ውስጥ ገረርና ሪባ አለ ይላሉ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ «የተካፉል አገልግሎት አላችሁ? የተሳታፊዎች ፈንድ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ ይያዛል? የዓመቱ ትርፍራፊስ ለማን ነው?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሻጩ ቢቸኩል፣ መኪናው እስከ ነገ እዚያው ይቆማል።